ማማው ላይ፣ ለሁለት ሰው

መስከረም 12

ለማከብርሽና ለምትናፍቂኝ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ «እህቴ ወፍራ እንደሆነ ጠይቂልኝ» ብላለች። መልስ አትስጫት። ወፍሬያለሁ ካልሻት ትቀናለች፣ ከስቻለሁ ካልሻት ታለቅሳለች።

ወንበር ካለሽ ተቀመጪ፤ ላገባ ነው። ሰውዬው የመብራት ሠራተኛ ነው፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ የሚቀጥል። ጓደኞቹም «ሽቦ» ነው የሚሉት። እኔ የምሠራበት ፎቶ ቤት መብራት ተበላሽቶ መጣና፣ ግማሽ ሰዓት የማይፈጀው ሥራ ሦስት ቀን ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን አለቃዬ «ይሄ ሰውዬ መብራቱን ነው የሚሠራው ወይስ አንቺን?» አለችኝ። ሰርጉ ለሚያዝያ ነው። ፎቶውን ልኬልሻለሁ።

ያን ግብዣ ታስታውሻለሽ አይደል? የምትሠሪበት መዝናኛ ፓርክ አሥር ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ ለዘመድ የሚሰጠውን፣ የሁለት ቀን ማረፊያና ከምግብ ቤቶቹ በአንዱ የሁለት ሰው እራት፤ «ላንቺ ሰርግ አስቀምጬዋለሁ» ያልሽኝን። እንግዲህ ደርሷል። ለጫጉላ እራት የሚሆነው የትኛው ነው? እሱን ስጠይቀው ምን አለኝ መሰለሽ፦ «ከፍ ያለው ይሁን። ዕድሜዬን ሙሉ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥዬ ሰው ከታች ሲበላ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እኔ ከላይ ሆኜ ልብላ።»

አንቺ እህትሽን ታውቂያታለሽ። እናቴ ከአባቴ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ስትበላ አንድም ቀን አላየሁም። እሱ ሲበላ እሷ ቆማ ነበር፣ እሷ ስትበላ እሱ አልነበረም። እኔ ከዚህ ትዳር ሌላ ብዙ ነገር አልጠይቅም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ማንም የማይነሣበት አንድ እራት። ስለዚህ ደህና አድርገሽ ምረጪልኝ።

ልጅሽ


መስከረም 29

ይድረስ ለቅመሜ፣

እንደምን አለሽልኝ? እናትሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይጮሃል እንጂ ገና አልተነቀለም። ደብዳቤሽን የከፈትኩት ካውያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ እልልታዬን የሰሙ ሁለት ሴቶች ተቃጠለች ብለው ውሃ ይዘው ደረሱ። ውሃው ፊቴ ላይ፣ ደስታው ሆዴ ውስጥ። ፈጣሪ የጀመረላችሁን ይጨርስላችሁ።

ፎቶውን አየሁት። እንዲህ ጤና ጤና የሚሸት ሰው «ሽቦ» ያሉት ዓይናቸው ታውሮ ነው? ቆዳው ያበራል፣ ዓይኑም የጠራ ነው። መቶ ዓመት ካልኖረ ምን አለች በይኝ።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ እዚህ ካሉት አምስት ምግብ ቤቶች በአንዱም ተቀምጬ አልበላሁም። ግን ከኔ የበለጠ የሚያውቃቸው የለም፤ የጠረጴዛ ልብሳቸውና ናፕኪናቸው በየጠዋቱ በእጄ ያልፋላ! ሰው ምን እንደበላ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ ጨርቁ ይነግረኛል። አስተናጋጅ ይዋሻል፣ ጨርቅ አይዋሽም።

ዋሻው የሚሉት ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አለው፣ መብራቱም ሻማ ብቻ ነው። ሰሙን ወረቀት አድርጌበት በካውያ እስካስለቅቅ ወገቤ ይቆረጣል። ደግሞ ጨለማ ስለሆነ ሰው ሶሱን ጭኑ ላይ ነው የሚደፋው፤ ሙሽራ ቀሚስሽን ይዘሽ እንዳትገቢ። ጀልባው ሐይቅ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሾርባ ያለበት ጨርቅ በሙሉ ከዚያ ነው። ግንቡ ከሁሉም ውድ ነው ይባላል፤ ናፕኪኑ ግን እንደታጠፈ ይመለስልኛል። ሰው ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል እንጂ አይበላም ማለት ነው። የአትክልቱ ቤት የቤተሰብ ነው፣ ልጆች የጠረጴዛውን ልብስ በከለር ይሥሉበታል። እሱን ለዓመቱ አቆዩት።

የማማው ጨርቅ ግን ሌላ ነው። መሀሉ ንጹሕ ነው፣ ሁለቱ ጫፍ ግን ተጨማዶ ይመጣል። ክርናቸውን አስደግፈው፣ ወደ ፊት ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት። ከሁለቱ ናፕኪን ደግሞ አንዱ ላይ ኩል አይጠፋም። ደስታ ይሁን ኀዘን ጨርቁ ላይ አይለይም፤ ብቻ እዚያ ቤት ሰው ይነጋገራል። ሰማንያ ሁለት ደረጃ አለው፣ ለእንግዳ ሊፍት የለውም። ለምሰሶ ሰው ይሄ ምን አላት!

ቦታ የምታስይዘው ሴትዮ ዘንድ ሄጄ በመስኮቱ በኩል ያለውን ስድስት ቁጥር ጠረጴዛ አስይዣለሁ። ስሟን ትቼ «ወይዘሮ አይሆንም» ነው የምላት፣ ከዚህ ቃል ሌላ ስለማታውቅ። ግብዣው የሚያገለግለው ፓርኩ ለጥገና እስኪዘጋ፣ እስከ ሰኔ ነው። ሚያዝያ ይበቃል።

አክስትሽ


ኅዳር 2

ለማከብርሽ አክስቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? መልስ ስላዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እኛ ደህና ነን።

ስለ ማማው የጻፍሽውን ለእሱም አነበብኩለት፣ በጣም ወደደው። ግን አክስቴ፣ ደረጃ የሌለው ቦታ ቢሆን ይሻላል ብለን አሰብን። እሱ ከፍታ ሰልችቶታል። ሥራው ስለሆነ ነው መሰለኝ። ሰሞኑን ትንሽም ደክሞታል። መሬት ላይ ያለ ቢሆን ምናለበት? ወይዘሮ አይሆንምን እንደምንም ለምኝልን።

እናቴ ሰላም ትልሻለች።

ልጅሽ


ኅዳር 15

ይድረስ ለቅመሜ፣

ሰላምታዬ ከያላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ጉድ እኮ ነው! ከላይ ሆኜ ልብላ ያለው ሰው በአንድ ወሩ ከፍታ ሰለቸው? ገና ሳያገባ ደረጃ ከሰለቸው፣ ሲያገባ ከአልጋ መነሣት ሊሰለቸው ነው። ንገሪው፣ አክስቴ እንዲህ አለች ብለሽ። እኔ በዚህ ጉልበቴ በቀን ስንት ቅርጫት ጨርቅ እገፋለሁ፣ እሱ ለሙሽሪት ሰማንያ ሁለት ደረጃ ከበደው!

ለማንኛውም ወይዘሮ አይሆንም «አይሆንም» ካለች በኋላ ቀየረችልኝ። ጀልባው ላይ ነው ያስያዝኩት። ወደ ጀልባው የሚያስገባው መንገድ ሜዳ ነው፣ አያት በዊልቸር ይገባበታል። ለአያት የሚሆን ለሽቦም ይሆናል።

ቀልዴን ነው፣ እንዳይቀየመኝ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 1

ውድ አክስቴ፣

እንደምን አለሽ? ይህን የምጽፍልሽ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ሆኜ ስለሆነ ጽሑፌ ቢጣመም ይቅርታ።

ጀልባውም አይሆንም። እሱ የሚወዛወዝ ነገር ያጥወለውለዋል። ምግቡም ጨው የሌለበት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ይቻል እንደሆነ ጠይቂልኝ። ደግሞ ሰርጉን ከሚያዝያ ወደ የካቲት ሁለት አምጥተነዋል። ድግስ የለም፣ ቢሮ ገብተን መፈረም ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ፣ እባክሽ።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 13

ይድረስ ለቅመሜና በሆዷ ላለው ለትንሹ ቅመሜ፣

አልጠይቅሽም! ምን ልጠይቅ? እኔ ጨርቅ አንብቤ የሰው ትዳር የማውቅ ሴት ደብዳቤ ማንበብ ያቅተኛል? ደረጃ አይወጣም፣ ጀልባ ያጥወለውለዋል፣ ጨው አይበላም፣ ሰርጉ በሁለት ወር ቀረበ፣ ደብዳቤው ከክሊኒክ ወረፋ ላይ ተጻፈ። ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የወንድ ነገር ነው? ምስኪኑን ሰውዬ መጋረጃ አድርገሽ ከኋላው ተደበቅሽ አይደል? እኔም አላፍርም ብዬ ሰነፍ ስለው ከረምኩ። ይቅር በለኝ በይልኝ።

ምንም አትፈሪ። እናትሽ ብትቆጣ ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ አያት መሆኗን ለጎረቤት ስታወራ ድምፅዋ ይዘጋል። እኔ ልጅ አልወለድኩም፣ ስለዚህ ይሄ የኔም ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ካውያዬን ይዤ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጥቅል ልኬልሻለሁ። ከማማው የተሻሩ የጠረጴዛ ልብሶች ናቸው፤ ሁለት መቶ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ከምንም ይለሰልሳል። ቆርጬ ዙሪያቸውን ሰፍቼ ስድስት የሕፃን መጠቅለያ አድርጌያቸዋለሁ። እራታችሁም አሁን የአትክልቱ ቤት ነው። ሜዳ ነው፣ አይወዛወዝም፣ ያለ ጨውም ይሠራሉ። ብዙ ነፍሰ ጡር ይመጣባቸዋል።

በሰላም ያገላግልሽ።

አክስትሽ


ጥር 6

ለማከብርሽና ለምወድሽ አክስቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ጥቅልሽ ደርሶናል። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፣ አሁን ግን ሳልቀድ እጨርሰዋለሁ።

እኔ ነፍሰ ጡር አይደለሁም። የታመመው እሱ ነው። ሁለቱም ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ ተኝቶ ደሙ ይታጠባል። ሌላ ኩላሊት እንዳይደረግለት ልቡም ደክሟል ብለውናል። ከማሽኑ ርቆ መሄድ አይችልም፣ ስለዚህ ወደ አንቺ መምጣት የለም። እኔ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይሻለዋል እያልኩ ነበር ቦታ የማስቀይርሽ።

ያ ፎቶም እውነት አይደለም። የላኩልሽ ጊዜ ታሞ ነበር፤ ከዓይኑ ሥር ያበጠውን አጥፍቼ፣ ለፊቱ ቀለም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ አይደል? ሙሽሮችን በቀን አሥር ጊዜ የማደርገውን ለራሴ አደረግሁት። ከፍታ ሰልችቶት አይደለም፣ አክስቴ። መስከረም ማለቂያ ላይ ምሰሶ ላይ እንዳለ ትንፋሽ አጥሮት በመሰላል ተሸክመው ነው ያወረዱት።

እናቴ ታውቃለች። «ሳታገቢ መበለት ልትሆኚ ነው» አለችኝና ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። በዚህ ቤት፣ በፎቶ ቤቱ፣ በሆስፒታሉ፣ ያገኘኝ ሰው ሁሉ በሐዘን ዓይን ነው የሚያየኝ። በደስታ የምትጽፊልኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። እሱ ያልታመመበት አንድ ቦታ ቢኖር ያንቺ ደብዳቤ ነበር፤ እሱን ላበላሸው አልቻልኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ እሰማለሁ፣ ያልደበቁትስ መቼ አገኙ?

ጥቅሉን የከፈትነው ማሽኑ ላይ እንዳለ ነው። ስድስቱን መጠቅለያ ሲያይ እንዴት እንደሳቀ! ክንዱ ተንቀሳቅሶ ማሽኑ ጮኸ፣ ነርሷ ሮጣ መጣች። ከወር በላይ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። እኔ ስቄ ስቄ አለቀስኩ። ደም ሲታጠብ ክንዱ በጣም ይበርደዋል፤ አሁን አንዱን ጠቅልዬለት ነው የሚተኛው። በጣም ይለሰልሳል ብሏል።

ጠረጴዛውን ሰርዢልን። የካቲት ሁለት ግን እንፈራረማለን። እሱ ራሱ ልጻፍላት ስላለ ከታች ቦታ ትቼለታለሁ።

ልጅሽ

ይድረስ ለተከበሩ አክስታችን፣ እንደምን አሉ? ሰነፉ እኔ ነኝ። ስድብዎን ሁሉ በደስታ ሰምቻለሁ፤ እዚህ ሰው ሁሉ ስለሚያዝንልኝ የሚሰድበኝ አጥቼ ነበር። እርስዎም እኔም እንግዲህ በእጥበት ነው የምንኖረው። አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ጠረጴዛውን ከመሰረዝዎ በፊት ለኛ ብለው ይቀመጡበትና ምን እንደቀረበ ይጻፉልን። የማማውን ቢሆን ደስ ይለኛል። እሷ አንብባልኝ እንበላዋለን። አደራ፣ የካቲት ሁለት እንዲደርስ።


ጥር 18

ይድረስ ለልጆቼ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ራሴ የምለው የለኝም። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የኔ እስከ ማጅራቴ ታየ። ደብዳቤያችሁን አንብቤ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጥኩ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ ሲጨርሱ ማን እንደከፈታቸው አላውቅም። ሽቦ፣ ልጄ፣ ያልኩህን ሁሉ መልሼ መዋጥ ብችል ያለ ውሃ እውጠው ነበር። አንቺንም አልቆጣሽም። እኔም ብሆን እደብቀው ነበር።

ወይዘሮ አይሆንም ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ከሥሩ ነገርኳት። «የሠራተኛ ግብዣ ለሠራተኛ አይሆንም» አለችኝ። ወረቀቷን አገላበጠችና «ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስድስት ቁጥር እንግዳ ሳይገባ፣ ለአንድ ሰዓት።

ይኸው ተቀምጫለሁ። ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ። አራት ወረቀት ይዣለሁ፣ ይሄኛው የመጀመሪያው ነው፤ የቀሩትን ለየብቻ አጥፌ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱ ምግብ ሳያልቅ ሌላውን አትክፈቱ፣ እዚህም እንደዚያ ነው።

ደረጃው ሰማንያ ሁለት አይደለም፣ ሰማንያ አራት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጨርቁን በዕቃ ሊፍት እየላክሁ ለሰው ሁሉ ሰማንያ ሁለት ስል ኖሬያለሁ። አርባኛው ላይ ተቀምጬ አረፍኩ። ሽቦ፣ አንተ በመሰላል ወረድክ፣ እኔ በቂጤ ልወጣ ምንም አልቀረኝ።

ዳቦው ትኩስ ነው፣ ጡጫ የሚያህል፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። ጨርቁን የተኮስኩት እኔ ነኝ። አስተናጋጁ፣ «ረጅሙ» የምንለው፣ ወንበሩን ከኋላዬ ሲገፋልኝ የሚነጥቀኝ መስሎኝ ያዝኩት።

ሁለት።

ሾርባ። ካሮትና ዱባ ነው መሰለኝ፣ ቀለሙ እንደ ማለዳ። ያለ ጨው ሥሩልኝ ብዬ ነበር፤ ሼፉ ወጥቶ «ያለ ጨው ምግብ አይደለም፣ ቅጣት ነው» አለኝ። ለማን እንደሆነ ስነግረው ተመልሶ ገባና ሎሚና አንድ የማላውቀው ቅጠል ጨምሮበት አመጣው። ሽቦ፣ ይሄን ልትበላው ትችላለህ። ትንሽ ነው፣ ሁለት የቡና ስኒ ቢሆን ነው። ጨው እንደሌለው የታወቀኝ ካለቀ በኋላ ነው።

መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ነው። ፓርኩ በሙሉ ከእግሬ ሥር ነው፣ ግንቡም ከላይ ሲያዩት የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ከታች አንድ ሰውዬ የመብራት ምሰሶ ላይ ወጥቶ አምፖል ይቀይራል። የምሰሶው ጫፍ ከኔ ጫማ በታች ነው። እንደዚያ ነበር የፈለግኸው አይደል? እጄን አወዛወዝኩለት። መፍቻውን አንሥቶ አወዛወዘልኝ። አንተ ነህ ብዬ ነው።

ሦስት።

ዓሣ። ቆዳው የደረቀ፣ ውስጡ ነጭ፣ ከጎኑ የተፈጨ ድንች። በሹካ ለመብላት ሞከርኩ፣ ከዚያ ማንም ስለሌለ በእጄ በላሁት። ከፊቴ ያለውን ባዶ ወንበር ረጅሙ ሊያነሣው ሲል ተወው አልኩት።

ከባሌ ጋር አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነበርን፣ ታውቂዋለሽ። ምን እንደሚወድ አሁን ተጠይቄ ብመልስ ዋሽቼ ነው፤ አንድም ቀን ሲበላ ፊቱን አላየሁትማ! ቅመሜ፣ እናትሽ የተናገረችሽን ስሚ፣ ግን እሺ አትበያት። አንቺ ተቀመጪ። ሳህኑም ድስቱም ይቆይልሽ፣ በር ቢንኳኳም አትነሺ። ሲበላ እይው።


መጋቢት 18

ለማከብርሽ አክስቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ሳልጽፍልሽ ስለቆየሁ ይቅር በይኝ። እኔ እንዲሁ ነኝ።

ደብዳቤሽ ከሰርጋችን ሁለት ቀን ቀድሞ ደረሰ። የካቲት ሁለት ከሰዓት በፊት ፈረምን፤ ምስክሮቻችን ያቺ ነርስና የፎቶ ቤት አለቃዬ ነበሩ። ምን እንደምሠራ እንዳውቅ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ወረቀት አስቀድሜ አጮልቄ አይቼ፣ ጣፋጩን ግን ሳልከፍት ትቼ፣ የጻፍሽውን ልሠራ ሞከርኩ፣ ያለ ጨው። ከመጠቅለያዎቹ አንዱን ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩት። ሾርባውን ላመጣ ስነሣ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ማንም አልጠራትም። ድስቱን ከእጄ ተቀበለችኝና «አንቺ ተቀመጪ» አለችኝ። እስከ መጨረሻው ያቀረበችልን እሷ ናት።

እኔ አነበብኩ፣ እሱ በላ። የምሰሶውን ሰውዬ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። «እኔ ነኝ፣ ሰላም ብላኛለች» እያለ ከልቡ ሳቀ። ከዓሣው ሦስት ጉርሻ ነው የበላው፣ አንድ በአንድ አየሁት። ስለ ባልሽ ያልሽውን ሳነብ እናቴ ወደ ጓዳ ገባች።

አራተኛውን ወረቀት ልከፍት ስል እጄን ያዘኝ። «ጣፋጩን ለነገ እናቆየው» አለ። በማግሥቱ ላንብብልህ ስለው «ጠግቤያለሁ፣ ነገ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ምክንያቱን ነገረኝ። «ጣፋጩ እስኪቀርብ ድረስ ከጠረጴዛ አይነሣም፤ ስለዚህ ገና እራት ላይ ነን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሲያመው «አሁን የት ነን?» እለዋለሁ። «እራት ላይ» ይለኛል። ማሽኑ ላይ ሆኖም እራት ላይ ነበርን። አክስቴ፣ የኛ ጫጉላ እራት አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ።

የካቲት ሃያ አንድ ጠዋት ልቡ ቆመ። ሸሚዙን ስቀይርለት ነበር። የተናገረው ነገር የለም፣ ጊዜም አላገኘም።

ሰው ሁሉ መጥቶ ሄዷል። እናቴ ከኔ ጋር ነው የምታድረው። ወረቀቱ እንደታጠፈ አለ። ብከፍተው እራቱ አለቀ ማለት ነው፤ ብተወው ደግሞ እሱ ያልቀመሰው ነገር አለ እያልኩ አልተኛሁም። ስለ ሌላው ሁሉ ለራሴ መልስ አለኝ። እስከ አሥራ ዘጠነኛው ቀን እሱን ማስጠበቄ ግን ይቆጨኛል። አስገድጄ ባነብለት ኖሮ አንድ ጣፋጭ ነገር ሰምቶ ይሄድ ነበር። ምን ላድርገው?

ልጅሽ


መጋቢት 29

ይድረስ ለልጄ፣

ፈጣሪ ያጽናሽ። እናትሽንም ያጽናት፣ ድስቱን ስለተቀበለችሽ እጇን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ቀኔ ነው። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል እያልኩ ብዙ ጨርቅ አቃጠልኩ። እነግርሻለሁ።

አራተኛው ላይ ቁጥሩን የጻፍኩት ከመቀመጤ በፊት ነው፤ እራት አራት ነገር እንዳለው ስለማውቅ። ዓሣውን ጨርሼ እጄን እየጠረግሁ ሳለ ረጅሙ መጣና ጎንበስ ብሎ «ታች ይፈልጉሻል» አለኝ። የግንቡ ጨርቅ አልደረሰም ብለው ነበር። ገና አንድ ሰዓቴም አልሞላም ነበር። ተነሣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ታች ይፈልጉሻል ሲሉኝ የምነሣ ሰው ነኝ፣ ያን ቀንም ተነሣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አንድ መስመር ጻፍኩና፣ የዕለቱ ፖስታ እንዳያመልጠኝ ከሌሎቹ ጋር አሸግሁት። ያፈርኩት በዚያ ነው። አንቺን ተቀመጪ ብዬ የመከርኩሽ እኔው ራሴ ነኝ የተነሣሁት።

መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «ታች ጠሩኝ፣ ጣፋጩን አልበላሁም።»

ጣፋጭ አልቀረበም፣ ልጄ። ከዳቦው እስከ ዓሣው የቀረበውን ሁሉ በልቷል፣ እኔ ከተቀመጥኩትም በላይ ተቀምጧል። ባልሽ ምንም ያመለጠው ነገር የለም። ካላመንሽኝ ክፈችው።

አክስትሽ